ጫማው ማሳ ድረስ ካልሄደ

ወላይታ ውስጥ ልጅን ከትምህርት ቤት ከሚያስቀሩ ነገሮች አንዱ አፈሩ ነው። ያ እንሰቱን፣ ቡናውን፣ በቆሎውን የሚያበቅለው ለም ቀይ አፈር። ልጁ ገና ወፌ ቆመች ሲባል ጀምሮ በባዶ እግሩ ይረግጠዋል። ከብት ሲያግድ ይረግጠዋል፤ ውሃ ሲቀዳ ይረግጠዋል፤ ከአባቱ ጋር ሲኮተኩት ቁርጭምጭሚቱ ድረስ ይገባበታል። ዓመታት ያልፋሉ። አንድ ቀን የእግሩ ጣቶች አካባቢ ያሳክከዋል፣ ያቃጥለዋል። ማታ እግሩ ያብጣል፣ ሲነጋ ይጎድላል። ትንሽ ቆይቶ ሲነጋም አይጎድልም።

ሕዝቡ ዝሆኔ ይለዋል። ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከ10 እስከ 20 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ማለትም ልጁ አምስተኛ፣ ስድስተኛ፣ ሰባተኛ ክፍል ሲሆን። ጣቶቹ እየደደሩ ይሄዳሉ፤ ቆዳው እንደ ድንጋይ ሽበት ይሻክራል፤ ሽታ ይመጣል። ከዚያ በኋላ ክፍል ውስጥ አጠገቡ የሚቀመጥ ይጠፋል።

ይህን በሽታ ትንኝ አያመጣውም። ትልም ባክቴሪያም የለበትም። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረ ቀይ አፈር ውስጥ ያሉ በዓይን የማይታዩ የማዕድን ብናኞች በእግር ቆዳ በኩል ዘልቀው ይገባሉ። የሊምፍ መስመሩን፣ ማለትም ከሰውነት የተረፈውን ፈሳሽ የሚመልሱትን ቀጫጭን ቱቦዎች፣ ያስቆጡታል። መስመሩ ሲደፈን ፈሳሹ መሄጃ ያጣና እግር ያብጣል። ይህን የእግርና የአፈር ግንኙነት በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ሆኖ ያጠናው ኧርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም ነው። በዓለም ላይ 4 ሚሊዮን ገደማ ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሠቃይ ይገመታል። ከእነዚህ ውስጥ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑት እኛው አገር ናቸው።

መከላከያው ጫማ ነው። ጫማ፣ ውሃ እና ሳሙና። ስኮትላንድና አየርላንድ ገጠር ውስጥም በአንድ ወቅት ይኸው በሽታ ነበር። ሰዉ ጫማ ማድረግ ሲጀምር ጠፋ። ማንም ክትባት አልሠራለትም።

እንዲህ ቀላል ከሆነ ለምን እስካሁን አለ? ስለ ድሃ ልጆችና ስለ ክርስቲያናዊ እርዳታ ሳስብ ሁሌ የምመለሰው ወደዚህ ጥያቄ ነው። መልሱን በከፊል ያገኘሁት ወላይታ ሶዶ አካባቢ፣ አንድ ዛፍ ሥር፣ የፕላስቲክ ሳፋዎች ተደርድረው ሳይ ነው።

ጓደኛዬ የሶዶ ልጅ ነው። ቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያደገ። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። በዚህ ጉዳይ ግን ተከራክረን አናውቅም። ከከተማው ወጣ ብላ ወዳለች ቀበሌ ይዞኝ ሄደ። ዳሞታ ተራራ ከኋላችን ነበር። ዛፉ ሥር ባለው አግዳሚ ላይ ሰዎች ተደርድረው ተቀምጠዋል። አረጋውያን፣ እናቶች፣ ሁለት ሦስት ልጆች። ሁሉም ፊት ሳፋ አለ። ሁሉም እግሩን ነክሯል።

የምታክማቸው ሴት ነርስ አይደለችም። ራሷ ታማሚ የነበረች ናት። አሁንም ለእግሯ በልኩ የተሰፋ ሰፊ ጥቁር የቆዳ ጫማ አድርጋለች። ሳፋው ውስጥ ውሃ ትሞላለች፤ በረኪና በልኩ ጠብ ታደርጋለች፤ እግሩ እስኪርስ ትጠብቃለች። ከዚያ በሳሙና ታጥባለች። ላይ ላዩን አይደለም። በየጣቱ መሃል፣ በየቆዳው እጥፋት ውስጥ ጣቷን እያስገባች ነው። ያቺ እጥፋት ውስጥ የቀረች እርጥበት ቁስል ትሆናለች፤ ቁስሏ ደግሞ የትኩሳቱ በር ናት። በደረቅ ጨርቅ ታደርቃለች። ቫዝሊን ትቀባለች። በፋሻ ከታች ወደ ላይ ትጠቀልላለች። ካልሲ፣ ከዚያ ጫማ። ሥራው ይኸው ነው። ማታ ማታ እግርን ከፍ አድርጎ መተኛት ይጨመርበታል። ሰዎቹ ይህን ተምረው ቤታቸው በየቀኑ ራሳቸው ያደርጉታል።

አንዱ ልጅ አሥራ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። ቀኝ እግሩ እስከ ቁርጭምጭሚቱ አብጧል፤ ግራው ገና ነው። ሴትየዋ እየታጠበ ሳለ በወላይትኛ ጠየቀችው። ጓደኛዬ ይተረጉምልኝ ነበር።

«ጫማህስ? የሰጠንህ?»

«ቤት ነው። ትምህርት ቤት ስሄድ አደርገዋለሁ።»

«ማሳስ?»

ልጁ ዝም አለ። እናትየዋ ናት የመለሰችው። «እህቴ፣ ማሳማ ከወሰደው ጭቃው በአንድ ወር ይጨርሰዋል። ከዚያ ለትምህርት ቤት ምን ያደርጋል?»

ሴትየዋ አልተቆጣችም። ወደ እግሩ ተመልሳ ማጠብ ቀጠለች።

ለመፍረድ የሚቸኩል ሰው እናትየዋን ችላ ባይ ይላት ይሆናል። እኔ ግን ስሌቷ ትክክል ነው ባይ ነኝ። ወላይታ በአገራችን ሕዝብ በጣም ከተጠጋጋባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። የብዙ ቤተሰብ መሬት ግማሽ ሄክታር እንኳ አይሞላም። በዚያች መሬት ላይ የልጅ እጅ እንደ ሙሉ እጅ ይቆጠራል። አንድ ጥንድ ጫማ ካለ ደግሞ የሚደረገው ሰው ፊት ነው። ትምህርት ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ገበያ። እዚያ አካባቢ የተሠሩ ጥናቶችም ይህንኑ ነው ያገኙት። ጫማ ያላቸው ልጆችም እርሻ ላይ፣ ጭቃ ላይ፣ ቤት አካባቢ በባዶ እግር ናቸው። በሽታው ያለው ግን ማሳው ላይ ነው። ጥቁር ሰሌዳው ፊት ማንም ዝሆኔ አይይዘውም።

ክረምት ሲመጣ ነገሩ ይብሳል። ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ የትምህርት ቤት ጫማ ሳጥን ውስጥ ይገባል። ልጁ ከንጋት እስከ ምሽት ጭቃ ውስጥ ነው። ስለዚህ ለትምህርት ተብሎ የተሰጠ ጫማ በዓመቱ ውስጥ በጣም በሚያስፈልግበት ጊዜ ሥራ ፈትቶ ይከርማል። ጫማ ያከፋፈለው ድርጅት ሪፖርት ላይ ይህ አይታይም። ሪፖርቱ ላይ ያለው ስንት ጥንድ እንደተሰጠ ነው።

ሌላም አለ። ይህን ጓደኛዬ ባይነግረኝ አላስተውለውም ነበር። ጫማ ዝሆኔ ላለበት ቤት ልጆች ብቻ ሲሰጥ፣ ጫማው ራሱ ምልክት ይሆናል። «የእነ እገሌ ልጅ ያቺን ጫማ አድርጓል» ይባላል። ከዚያ ልጁ ጫማውን ማድረግ ያፍራል። አካባቢው ላይ በዝሆኔ የተያዘ ቤተሰብ ልጁን ለመዳር ይቸገራል። በዘር ነው ይባላል። እርግማን ነው የሚልም አለ፤ የሞተ እባብ ረግጦ ነው የሚልም አለ። ስለዚህ አንዳንድ ድርጅቶች በኋላ ላይ ጫማውን ለትምህርት ቤቱ ልጆች ሁሉ መስጠት ጀመሩ። ብር ያስወጣል። ትክክል ግን እሱ ነው።

ስለ ዘር የሚባለው ነገር ጥቂት እውነት አለበት፤ ያ ጥቂት እውነት ደግሞ ብዙ ጉዳት አድርሷል። በ2012 (እ.ኤ.አ.) ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቹ ወላይታ ውስጥ ባደረጉት ጥናት፣ አንዳንድ ሰዎች በተፈጥሯቸው ለዚህ አፈር ይበልጥ ተጋላጭ እንደሆኑ አሳይተዋል። ከአንድ ቤት ሁለት ሦስት ሰው የሚታመመው ለዚህ ነው። የሚወረሰው ግን ተጋላጭነቱ ነው። ተጋላጭ ሆኖ የተወለደ ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ እግሩ ከአፈር ከተጠበቀ አይታመምም። «በዘራችን ነው፣ ጫማ ምን ያደርግልናል» ብለው ተስፋ የቆረጡ ወላጆች ሲያጋጥሙ፣ ይህን ተቀምጦ ደግሞ ደጋግሞ የሚያስረዳ ሰው ያስፈልጋል። የሚያስረዳው ሰው ደግሞ እነሱ የሚያምኑት መሆን አለበት።

ወላይታ ውስጥ ያ ሰው ከየት መጣ?

ሚስዮናውያን ወላይታ የገቡት በ1928 (እ.ኤ.አ.) ነው። ጣሊያን ሲመጣ ተባረሩ፤ ከነፃነት በኋላ ተመለሱ። ከተመለሱት ጋር ከመጡት ሐኪሞች አንዱ ዶክተር ናታን ባርሎው ነበሩ። ዕድሜያቸውን አብዛኛውን በሐኪምነት ኢትዮጵያ ውስጥ አሳለፉ። ሌላ ሰው ጡረታ ወጥቶ የሚያርፍበት ዕድሜ ላይ ሆነው ነው እነዚህን ያበጡ እግሮች የራሳቸው ጉዳይ ያደረጉት። በ1998 (እ.ኤ.አ.) ሶዶ ላይ ሞሲ ፉት በሚል ስም የሚታወቀው ማኅበር ተቋቋመ። ያን ጊዜ በሽታውን ከቁም ነገር የሚቆጥረው አልነበረም። የመንግሥት ጤና ተቋማት መድኃኒት የለውም ብለው ሰዎቹን ይመልሱ ነበር። ኢትዮጵያ ትኩረት በሚሹ ሐሩራማ በሽታዎች ብሔራዊ ዕቅዷ ውስጥ ፖዶኮኒዮሲስን ያስገባችው በ2013 (እ.ኤ.አ.) ነው። አሥራ አምስት ዓመት ማለት አንድ ልጅ ተወልዶ፣ ታሞ፣ ትምህርት አቋርጦ የሚያድግበት ጊዜ ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሳፋውን ይዘው የተገኙት የማኅበሩ ሰዎች ነበሩ።

ከማኅበሩ ሥራ በጣም የምወደው ግን ሐኪሙን አይደለም። ታማሚዎቹን ሠራተኛ ማድረጉን ነው። እግሩ የተሻለው ሰው ሠልጥኖ በቀበሌው ሌሎችን ያክማል። ሶዶ ባለው የጫማ መሥሪያ ቤት፣ ከገበያ ጫማ የማይገባላቸው ሰዎች እግራቸው እየተለካ ይሰፋላቸዋል። ጫማውን ከሚሰፉት መካከልም ታማሚ የነበሩ ሰዎች ነበሩ። ያች ዛፍ ሥር ያየኋት ሴት ለእናትየዋ ጫማው ማሳ መሄድ አለበት ስትላት፣ የራሷን እግር እያሳየች ነው። የትኛው ፖስተር ይህን ያህል ይናገራል?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ስለ ልጆች ጉልበት ብዝበዛ ሲወራ ሁሉም ልጁን ብቻ ያያል። ልጁን ከሥራ አውጡት፣ ትምህርት ቤት አስገቡት፣ ደብተር ግዙለት። ደግ ሐሳብ ነው። ግን ልጁ ለምን ሥራ ገባ? ዝሆኔ ያለበት አባት በየጊዜው ይጣላል። እግሩ ይጋጋላል፣ ትኩሳቱ ያንቀጠቅጠዋል፣ ብሽሽቱ ያብጣል። ሚች መታኝ ይላሉ። ለቀናት ከአልጋ አይነሳም። አረም ደግሞ አይጠብቅም። ያኔ ማሳው ላይ የሚወጣው ማን ነው? ልጁ ነው። በባዶ እግሩ።

ወላይታ ውስጥ ከዓመታት በፊት የተሠራ አንድ ጥናት፣ በሽታው ያለበት ሰው ከሥራ ጊዜው ግማሽ የሚጠጋውን እንደሚያጣ አሳይቷል። ለዞኑ ተደምሮ ሲሰላ በዓመት ከ16 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። ያን ኪሳራ የሚሞላው የልጆች ጉልበት ነው። ገሚሱ እዚያው ማሳ ላይ ይቀራል። ገሚሱ አውቶቡስ ተሳፍሮ አዲስ አበባ ይመጣል። ጠዋት ጠዋት ሳጥናቸውን ይዘው አስፋልት ዳር የምናያቸው ሊስትሮዎች ብዙዎቹ ከዚያው ከወላይታና ከአካባቢው የመጡ ናቸው። የእኛን ጫማ ይጠርጋሉ። ወር ሲሞላ ብር ለቤት ይልካሉ። ከመካከላቸው እግሩ የታመመ አባት ያለው ስንቱ እንደሆነ የጠየቃቸው ሰው አላውቅም። እኔ አሁን አሁን እጠይቃለሁ።

ስለዚህ ልጁን ከሥራ ማውጣት የፈለገ ሰው የአባቱን እግር ይጠብ። በ2018 (እ.ኤ.አ.) ውጤቱ የታተመ አንድ ጥናት ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ በ696 ሰዎች ላይ ተሠርቶ ነበር። ግማሾቹ ወዲያው እግር መታጠብ፣ ቆዳ ማለስለስ፣ በፋሻ መጠቅለል፣ ካልሲና ጫማ ጀመሩ። ግማሾቹ ቆይተው ጀመሩ። ሳይታከሙ የቆዩት በዓመት ወደ 24 ጊዜ ያህል ይጣሉ ነበር። የታከሙት ወደ 19 ወረዱ። ቁጥሩ ትንሽ ሊመስል ይችላል። እኔ ግን በልጁ ዓይን ነው የማየው። በዓመት አባት አምስት ጊዜ ያህል ሳይወድቅ ቀረ ማለት፣ ልጁ አምስት ጊዜ ደብተሩን አስቀምጦ መኮትኮቻ አላነሳም ማለት ነው። ያውም በሳሙና፣ በበረኪናና በቫዝሊን።

ጎጃም ላይ ይህን ሥራ ስታግዝ የቆየችው የእኛዋ ቤተ ክርስቲያን መሆኗን ሳውቅ ደስ ብሎኛል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የልማት ኮሚሽን ከዓለም አቀፉ የኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች የበጎ አድራጎት ድርጅት ጋር ሆና ደብረ ማርቆስ አካባቢ የእግር ሕክምና ስትሠራ ቆይታለች። ጎጃም ላይ ካህን ማለት የሚሰማ ሰው ነው። ጠበል የሄደ ታማሚ «ጠበሉንም ተጠመቅ፣ እግርህንም በሳሙና ታጠብ፣ ጫማህንም አድርግ» ሲባል ከአባ አፍ ከሰማው ይቀበለዋል። ሐኪም ብቻውን ቢለው ይጠራጠራል።

በአብያተ ክርስቲያናት ውስጥ ያለውን ችግር ግን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ዝሆኔ ያለባቸው ሰዎች ከትምህርት ቤትም ከአምልኮ ቦታም እንደሚገለሉ ጥናቶች መዝግበዋል። በሁሉም እምነት ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ ቤተ መቅደስ ሲገባ ጫማ ይወልቃል። እግሩን መደበቅ የለመደ ልጅ ያ ደጅ ላይ ሲደርስ ወደ ኋላ ይላል። ዓውደ ምሕረቱ ጥግ ላይ ቆሞ ያስቀድስና ሰው ሳይበተን ይሄዳል። እኛም «እከሌ ቤተ ክርስቲያን መምጣት ተወ» እንላለን። በየዓመቱ ጸሎተ ሐሙስ ላይ ካህናቱ የምእመናንን እግር በውሃ እያጠቡ፣ በወይንና በወይራ ቅጠል እያሹ ያደርሱልናል። ጌታ ጎንበስ ብሎ የደቀ መዛሙርቱን እግር ማጠቡን ነው የምናስበው። እኔ ከሶዶ ከተመለስኩ ወዲህ ያን ቀን የማስበው ስለ እነዚያ እግሮች ነው። ደቀ መዛሙርቱም እኮ የገጠር መንገድ አቧራ ላይ የዋለ እግር ነበራቸው። እነዚህን ልጆች ከፊት አስቀምጦ የሚያጥብ አንድ ደብር ቢኖር፣ አካባቢው ስለ በሽታው ያለው ፍርሃት በአንድ ቀን ምን ያህል እንደሚቀንስ አስቡት። አይተላለፍም ብሎ ከመስበክ፣ በእጅ ይዞ ማሳየት።

ወንጌላውያኑም ሆኑ እኛ፣ ለልጆች እርዳታ ስናሰባስብ የምንወደው የምረቃ ቀን ያለው ነገር ነው። ጫማ ይከፋፈላል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ባነር ይሰቀላል። ልጁ ግን ያድጋል። ስምንት ዓመቱ ላይ የተሰጠው ጫማ ዘጠኝ ዓመቱ ላይ አይገባውም። ጫማው ሲያጥረው ጣቱ እንዲወጣ የጫማውን ፊት ይቆርጠዋል፤ ከዚያ አፈሩ ይገባል። በረባሶም ሸበጥም ከምንም ይሻላሉ፤ ግን ክፍት ናቸው፤ ጭቃው ይገባባቸዋል። የሚያስፈልገው ሽፍን ጫማ ነው፤ ከካልሲና ከመታጠቢያ ውሃ ጋር። ውሃው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ቢጫ ጀሪካን ተሸክማ ከምንጭ የምታመጣው ያችው የቤቱ ትንሽ ልጅ ናት፤ የአባቷንም የወንድሟንም እግር ለማጠብ አንድ ተጨማሪ ምልልስ አለባት። እርዳታው የቧንቧ ውሃ ካላሰበ ከአንዱ ልጅ እግር ያወረደውን ሸክም በእህቱ ጀርባ ላይ ይጭናል።

ውጭ አገር ያላችሁ ወዳጆቼ ይህን ስታነቡ ብዙ ጊዜ የምትጠይቁኝን አውቃለሁ። ያገለገለ ስኒከር ሰብስበን በሻንጣ እንላክ? አትላኩ። የሻንጣው ኪሎ ዋጋ እዚህ አዲስ ጫማ ይገዛል። ገንዘቡን ላኩና እዚሁ ይገዛ፣ እዚሁ ይሰፋ። ጫማ ሰፊውም ልጅ አለው። ስትልኩም አንድ ነገር ጠይቁ። «ስንት ልጅ ጫማ አገኘ?» ብላችሁ አትቁሙ። «ባለፈው ዓመት ጫማ ያገኘው ልጅ ዘንድሮ በልኩ አለው ወይ? ማሳ ላይስ ያደርገዋል?» በሉ። መልስ የሚሰጥ ሰው ካለ፣ እዚያ ቦታ ላይ የቆየ ሰው አለ ማለት ነው።

የጓደኛዬ ቤተ ክርስቲያን ወጣቶች ዘንድሮ አሠራራቸውን ቀይረዋል። ለአንድ ልጅ ሁለት ጥንድ ነው የሚሰጡት። አንዱ ለትምህርት ቤት፣ አንዱ ለማሳ። የማሳው ታጥቦ ቶሎ የሚደርቅ ሽፍን ኮንጎ ነው፤ አያምርም፤ ስለዚህ ማንም ለገበያ ቀን አይቆጥበውም። ለታማሚ ቤት ብቻ ሳይሆን ለሰፈሩ ልጆች ሁሉ ነው። ግንቦት ሳያልቅ፣ ዝናቡ ሳይጠነክር ለማዳረስ የልጆቹን እግር መለካት ጀምረዋል። እስካሁን የጎደላቸው የትልልቆቹ ቁጥር ነው፤ ከ38 በላይ ያለው። እነዚያ ልጆች ሙሉ ቀን የሚሠሩት ናቸው።